የኢዮብ ትዕግሥት

ባለፈው ዓመት ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ፣ ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጢስ ዓባይ ከተማ፣ በአንድ ዘመዴ ቤት ለአርባ ቀን ተዝካር ተገኝቼ ነበር። የሞተው የቤቱ የበኵር ልጅ ነው፤ ዕድሜው ገና ከሃያ ጥቂት ያለፈ ወጣት ሲሆን፣ ለጥቂት ሳምንታት ታምሞ ዐረፈ። ጸሎቱ ተፈጽሞ፣ ካህናቱና ጎረቤቶቹ ከማዕዱ ቀምሰው ከተሰናበቱ በኋላ በቤቱ የቀረነው እናቲቱ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ሴት ልጃቸው፣ የመጻሕፍትን ትርጓሜ የተማሩ አንድ ሽማግሌ የኔታና እኔ ብቻ ነበርን።

ኀዘን ቢኖርም ትምህርት ቤት አይጠብቅምና፣ ልጅቱ ደብተሯን ይዛ ወደ እኔ ቀረበች። የእንግሊዝኛ መምህሯ ስለ ትዕግሥት የሚነገሩ ሁለት የእንግሊዞች አባባሎችን ሰጥቶ፣ ትርጉማቸውንና መነሻቸውን ጽፈው እንዲያመጡ አዟቸው ኖሯል። የመጀመሪያው «ሮም በአንድ ቀን አልተሠራችም» የሚለው ነው። ይህን ማንም ሳይረዳት ተረድታው፣ በጎኑ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላ ጽፋበታለች። መልካም አድርገሻል ብዬ አመሰገንኋት፤ አባባሉም ከእንግሊዞች አስቀድሞ በ12ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ በፈረንሳይኛ ተጽፎ የሚገኝ መሆኑን ነገርኋት።

ሁለተኛው ግን አስቸግሯታል። «ጋሼ፣ ይህ ‹የሥራ ትዕግሥት› ማለት ነው አይደል?» ስትል ጠየቀችኝ። ደብተሯን ተቀብዬ ባየው ስሕተቷ የሚያስነቅፍ አልነበረም። በእንግሊዝኛ «ሥራ» የሚለው ቃልና «ኢዮብ» የሚለው ስም የሚጻፉት በአንድ ዐይነት ፊደላት ነው፤ የሚለያቸው የስሙ መነሻ ፊደል ትልቅ መሆኑና አነባበባቸው ነው። ሥራው «ጆብ» ሲባል፣ ስሙ ሳብ ተደርጎ «ጆውብ» ተብሎ ይነበባል። «ልጄ፣ ይህ ሥራ አይደለም፤ የሰው ስም ነው። የኛው ጻድቁ ኢዮብ ነው» ብላት፣ ልጅቱ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሣቀች። ከአርባ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት የተሰማ የመጀመሪያው ሣቅ ሳይሆን አይቀርም።

እናቲቱ ግን አልሣቁም። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«ወንድም ዓለም፣ ይህንንስ ከፈረንጅ መጽሐፍ መማር አያስፈልጋትም ነበር። አርባ ቀን ሙሉ በዚህ ደጃፍ የገባ ሁሉ ‹የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ› ሲለኝ ሰምታለች። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰው ሁሉ ይህን ከመረቀኝ በኋላ ‹በቃ፣ አታልቅሺ፤ አታማርሪ፤ እግዚአብሔር ይቈጣል› ይለኛል። ለመሆኑ ኢዮብ አላለቀሰም? አሥር ልጅ ቀብሮ ዝም አለ? እንዲህ ከሆነ እኔ የኢዮብ ትዕግሥት የለኝም። በሌሊት ተነሥቼ ‹ጌታዬ፣ ለምን?› እላለሁና።»

ይህ ጥያቄ የአንዲት እናት ብቻ አይደለም። ቃሉን ሁላችን በለቅሶ ቤት እንናገረዋለን፤ መጽሐፉን ግን ከዳር እስከ ዳር ያነበብን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በዚያ ምሽት ከየኔታ ጋር የተነጋገርነውን ለዚህ ገጽ አንባብያን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

አስቀድመን የቃሉን መነሻ እንመልከት። «የኢዮብ ትዕግሥት» የሚለው አነጋገር የመጣው ከሐዋርያው ከቅዱስ ያዕቆብ መልእክት ነው። ሐዋርያው በአምስተኛው ምዕራፍ መከራ ለሚቀበሉ ክርስቲያኖች ሲጽፍ፣ በመጀመሪያ ገበሬው የምድርን ፍሬ እንዴት እንደሚጠብቅ ያሳስባቸዋል፤ ከዚያም ነቢያትን ያነሣል፤ በመጨረሻም የኢዮብን መታገሥ መስማታቸውን፣ ጌታም በፍጻሜው ያደረገለትን ማየታቸውን ይጠቅሳል። እንግሊዞች አነጋገሩን ያገኙት ከዚህ ነው። በተለይም በንጉሣቸው በጄምስ ትእዛዝ ተተርጉሞ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1611 የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ በየቤተ ክርስቲያኑና በየቤቱ ለብዙ ዘመን ሲነበብ ስለኖረ፣ ቃሉ ከመጽሐፉ ወጥቶ የገበያና የመንገድ ቋንቋ ሆነ። ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስን ገልጦ የማያውቅ እንግሊዛዊ እንኳ ልጆቹ ሲያስቸግሩት ይህንኑ ይናገራል።

እኛ ግን ቃሉን ከእንግሊዞች አልተዋስነውም። ሁለታችንም የቀዳነው ከአንድ ምንጭ ነው። እንዲያውም የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ወደ ግእዝ የተመለሱት ከ1611 አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው፤ እንግሊዞች ይህን ቃል በቋንቋቸው ከማንበባቸው በፊት አባቶቻችን በግእዝ ሲያነቡትና ሲተረጕሙት ኖረዋል። ጻድቁ ኢዮብ በስንክሳራችን ግንቦት 2 ቀን የሚታሰብ የኛው አባት ነው።

የቃሉም ትርጉም ሊጤን ይገባዋል። ሐዋርያው በጽርእ ቋንቋ የጻፈው ቃል «ሂፖሞኔ» የሚል ሲሆን፣ ሲፈታ «ከሥር ሆኖ መቆየት» ማለት ነው፤ ይኸውም ሸክም የተጫነበት ሰው ከሸክሙ ሥር ሳይሸሽ መቆሙ ነው። እንግሊዞች ትዕግሥትን የሚጠሩበት ቃል ደግሞ «መከራ መቀበል» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ በሐኪም ቤት የተኛ በሽተኛም በእንግሊዝኛ የሚጠራው በዚያው ቃል ነው። ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በኛም ዘንድ ሕማም ሲባል በሽታም ነው፤ መከራም ነው፤ የጌታችንንም መከራ የምናስብበትን ሳምንት ሰሙነ ሕማማት እንለዋለን።

ከዚህ እንደምንረዳው ትዕግሥት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የመጠበቅ ትዕግሥት ነው። «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» የምንለው፣ ዕንቁላሉም በእግሩ የሚሄደው፣ ሮምም በአንድ ቀን ያልተሠራችው በዚህኛው ነው፤ ሰው መልካም ነገር እንደሚመጣ ዐውቆ ጊዜውን ይጠብቃል። ሁለተኛው የመሸከም ትዕግሥት ነው። በዚህኛው ሰው የሚጠብቀው ዕንቁላል የለውም፤ ዕንቁላሉ ተሰብሯል። የኢዮብ ትዕግሥት ይህ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ለተማሪ ወይም ለነጋዴ የምንሰጠውን ምክር ለሐዘንተኛ ብንሰጠው አይስማማውም።

አሁን ወደ እናቲቱ ጥያቄ እንመለስ። ኢዮብ ዝም አለን?

በዖፅ አገር የነበረው ይህ ሰው 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች፣ 7,000 በጎች፣ 3,000 ግመሎች፣ 500 ጥማድ በሬዎችና 500 እንስት አህዮች ነበሩት። ሁሉንም በአንድ ቀን ባጣ ጊዜ ልብሱን ቀደደ፤ ራሱን ተላጨ፤ በምድርም ላይ ተደፍቶ ሰገደ፤ የሰጠውንና የነሣውንም አምላክ ባረከ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ኢዮብ ይህ ነው፤ ይህም እውነተኛው ኢዮብ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ 42 ምዕራፎች አሉት፤ እስከዚህ የተነገረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

በሦስተኛው ምዕራፍ ኢዮብ አፉን ከፍቶ የተወለደባትን ቀን ረገመ። አምላኩን ግን አልሰደበም፤ ልዩነቱን ልብ እንበል። ከዚያ በኋላ በብዙ ምዕራፎች ይጮኻል፤ ይከራከራል፤ ለምን እንደ ጠላት ቈጠርኸኝ ይላል፤ አቤቱታውን የሚያቀርብበት ሸንጎ ይፈልጋል። ፊቱ ከልቅሶ ብዛት እንደ ቀላ እርሱ ራሱ በ16ኛው ምዕራፍ ይናገራል። የኔታ ይህን ሲያስረዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ኢዮብ እግዚአብሔርን ሲከስ እንኳ የሚከስሰው ለራሱ ለእግዚአብሔር ነው። ጀርባውን ሰጥቶ አልሄደም። ልጅ ከአባቱ ጋር ቢጣላ፣ ከቤት እስካልወጣ ድረስ ልጅ ነው።»

እንግዲህ ትዕግሥቱ ይህ ነው። አለማልቀስ ሳይሆን፣ እያለቀሱ ከአምላክ ፊት አለመራቅ ነው።

ቀጥለን ሊያጽናኑት የመጡትን ሦስቱን ወዳጆቹን፣ ኤልፋዝን፣ በልዳዶስንና ሶፋርን እንመልከት። እነዚህ ሰዎች አመጣጣቸው ያማረ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት መልኩ ጠፍቶባቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ፤ በራሳቸውም ላይ ትቢያ ነሰነሱ፤ ሕመሙ እጅግ የበረታ መሆኑን አይተው፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በምድር ተቀመጡ። ይህ የኛም ደግ ልማድ ነው። ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተውም፤ ብዙ ሳይናገር አብሮ ይውላል፤ አብሮ ያድራል።

የተሳሳቱት መናገር በጀመሩ ጊዜ ነው። ያለ ኀጢአት መከራ አይመጣም፤ ልጆችህም በድለው ይሆናል፤ አንተም የደበቅኸው ነገር አለና ንስሓ ግባ አሉት። እግዚአብሔርን ለመከላከል ብለው ወዳጃቸውን ከሰሱት። ኢዮብም በስድስተኛው ምዕራፍ አንድ ምሳሌ ይመስልባቸዋል። በክረምት ሞልቶ እንደሚወርድ፣ ሙቀት በመጣ ጊዜ ግን ደርቆ እንደሚጠፋ ወንዝ ናችሁ ይላቸዋል፤ መንገደኞች ውሃውን ተስፋ አድርገው ከሩቅ ይመጣሉ፤ ከስፍራው ሲደርሱ ግን ያፍራሉ።

ይህን ምሳሌ ለጢስ ዓባይ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያች ከተማ የሚኖር ሁሉ በዐይኑ ያየዋል። ዓባይ በክረምት ሲሞላ ከ40 ሜትር ከሚበልጥ የጥቁር ድንጋይ ገደል ተወርውሮ ሲወድቅ፣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ርጭቱም እንደ ጢስ ወደ ላይ ይነሣል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ በ1950ዎቹ ዓመታት የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከፏፏቴው አጠገብ ተሠራ፤ በ1990ዎቹ ሁለተኛው ተጨመረ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣናን ውሃ በመሿለኪያ የሚወስደው የበለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ውሃው መብራት ሆኖ ብዙ ቤት አብርቷል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በበጋ ብዙ ጊዜ በዚያ ሰፊ ገደል ላይ የሚታየው ቀጭን ውሃና ራቁቱን የቆመ ድንጋይ ነው። የፏፏቴውን ዝና ሰምቶ በመጋቢት ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ቆሞ ይመለከትና፣ ጢሱ የት አለ ብሎ ይጠይቃል።

እናቲቱ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ እንደ ክረምት ዓባይ ሞልቶ ነበር። አሁን በበጋው የሚመጣልኝ ጥቂት ነው፤ የሚመጣውም ‹ገና አልተጽናናሽም?› ይለኛል» አሉ።

በመጽሐፉ ፍጻሜ እግዚአብሔር ራሱ ይፈርዳል። ፍርዱም ብዙዎቻችን የማንጠብቀው ነው። ሲጮኽና ሲከራከር የነበረውን ኢዮብን ሳይሆን፣ ለእግዚአብሔር የተከራከሩ መስሏቸው የነበሩትን ሦስቱን ወዳጆች ይቈጣቸዋል፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይላቸዋል። ይቅርታም የሚያገኙት መሥዋዕት አቅርበው፣ ያ ያቈሰሉት ሰው ሲጸልይላቸው ነው። ኢዮብም ጸለየላቸው። ምናልባት ከትዕግሥቱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

በዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የምትነቀፍ ሌላ ሰው አለች፤ እርስዋም የኢዮብ ሚስት ናት። ተስፋ ቈርጣ የተናገረችው ክፉ ቃል ይጠቀስባታል፤ ኢዮብም ገሥጿታል። ነገር ግን የሞቱት አሥሩ ልጆች የእርስዋም ልጆች መሆናቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የብሉይ ኪዳን መጻሕፍታችን ወደ ግእዝ የተመለሱበት የሰባ ሊቃናት የጽርእ ትርጓሜ ግን ለዚህች ሴት ረዘም ያለ ንግግር ሰጥቷታል። በዚያም የማኅፀንዋ ምጥ በከንቱ እንደ ቀረ፣ እርስዋም ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ተቀጥራ እንደምትሠራ፣ ከድካሟም ለማረፍ የፀሐይን መግባት እንደምትጠብቅ ትናገራለች። ባልዋ በዐመድ ላይ ተቀምጦ ሳለ ለፍታ የምታድር እርስዋ ነበረች። በየቤታችንም አንዱ ሲታመም ወይም ሲያዝን የሌላውን ሸክም የሚሸከም አንድ ዝምተኛ ሰው አለ፤ እርሱም ይደክማል። አንድ ቀን ክፉ ቃል ቢወጣው ከመፍረዳችን በፊት የተሸከመውን እንመዝን።

ስለ ትዕግሥት ሲነገር አንድ ሌላ ስሕተት አለ፤ ይህንንም ሳናርም ማለፍ አይገባንም። ባልዋ የሚደበድባትን ሴት «እንደ ኢዮብ ታገሺ» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ደመወዙን የተከለከለ ሠራተኛ፣ በእንጀራ እናት የሚሠቃይ ልጅ፣ ሕክምና ሊያገኝ የሚገባው በሽተኛ ሁሉ «ታገሥ» ይባላል። ይህ ቃል ለተበዳዩ ሲነገር፣ በዳዩ «ተው» ሳይባል ይቀራል። ኢዮብ ግን እንዲህ ያለውን ትዕግሥት አላስተማረም። በ29ኛው ምዕራፍ ስለ ቀድሞ ኑሮው ሲናገር፣ የሚጮኸውን ድኻ ያድን እንደ ነበር፣ ለዕውር ዐይን ለአንካሳም እግር እንደ ሆነ፣ የበደለኛውን መንጋጋ ሰብሮ የነጠቀውን ከአፉ ያስጥል እንደ ነበር ይመሰክራል። በ31ኛውም ምዕራፍ የአገልጋዮቹን አቤቱታ ንቆ እንደማያውቅ ይምላል። እንግዲህ ኢዮብ የታገሠው ሰው ሊያስቀረው የማይችለውን መከራ እንጂ፣ ሊከለከል የሚገባውን ግፍ አይደለም። በሌላው ላይ የሚደርሰውን ግፍ ቆሞ ማየት ትዕግሥት አይባልም።

ምሽቱ ከገፋ በኋላ እናቲቱ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቁ። «የኔታ፣ እግዚአብሔር ለኢዮብ ሁሉን እጥፍ አድርጎ መለሰለት ይላሉ። ልጅ ግን በልጅ ይተካል? የበኵሬን ቦታ ሌላ ሊሞላው ነው?»

የኔታ ወዲያው አልመለሱም። መቍጠሪያቸውን እያገላበጡ ጥቂት ቆዩና እንዲህ አሉ፦

«እመቤቴ፣ እስቲ አብረን እንቍጠር። በጎቹ 7,000 ነበሩ፤ በፍጻሜው 14,000 ሆኑ። ግመሎቹ 3,000 ነበሩ፤ 6,000 ሆኑ። በሬዎቹም 500 ጥማድ ነበሩ፤ 1,000 ጥማድ ሆኑ፤ አህዮቹም እንዲሁ። ልጆቹስ? በፊት 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ነበሩት፤ በኋላም የተሰጡት 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ናቸው። እጥፍ ቢሆን 20 ሊሰጠው በተገባ ነበር። ለምን 10 ብቻ ሰጠው? መምህራን ሲያስረዱ እንዲህ ይላሉ፦ ከብቱ ሞቶ ጠፍቷልና እጥፍ ሆኖ ተተካ፤ የፊተኞቹ ልጆች ግን አልጠፉም፤ በእግዚአብሔር ዘንድ አሉ። አሥሩ በሰማይ፣ አሥሩ በምድር፣ በድምሩ ሃያ ናቸው። ስለዚህ ልጅ በልጅ አይተካም። የእርስዎም ልጅ ከቍጥር አልወጣም።»

በዚህ ጊዜ እናቲቱ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ሸፍነው አለቀሱ። አታልቅሺ ያላቸው አልነበረም። ልጃቸው ደብተሯን አስቀምጣ ከጎናቸው ተቀመጠች፤ እኛም ዝም አልን።

ውድ አንባብያን፣ «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» ማለት መልካም ምርቃት ነውና አንተወው። ነገር ግን ስንመርቅ የምንለውን እንወቅ። ለሐዘንተኛ ዝምታን ብቻ አንመኝለት፤ ጩኸቱን የሚሰማ አምላክና አብሮት የሚቀመጥ ወዳጅ እንመኝለት። የመከራውን ምክንያት እናውቃለን ብለን አንናገር፤ ሦስቱ ወዳጆች የወደቁት በዚህ ነው። ኀዘኑ ካለፈ ከአርባ ቀንና ከመንፈቅ በኋላም ደጁን እንርገጥ፤ የኢዮብ ወንድሞችና እኅቶች በመጽሐፉ ፍጻሜ ሁሉም ወደ ቤቱ መጥተው አብረውት እንጀራ እንደ በሉ፣ እንዳጽናኑትም፣ እያንዳንዳቸውም ስጦታ እንደ ሰጡት እናነባለን። ክረምት የመጣ ሁሉ ወዳጅ ይመስላል፤ ወዳጅነቱ የሚታወቀው ግን በበጋ ነው።

በማግሥቱ ወደ ባሕር ዳር ለመመለስ ስነሣ ልጅቱ የጻፈችውን እንዳርምላት ደብተሯን አሳየችኝ። «የሥራ ትዕግሥት» ያለችውን ሰርዛ፣ ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋ ነበር፦ «ኢዮብ አልቅሷል፤ ለምን ብሎም ጠይቋል፤ ነገር ግን ከእግዚአብሔር ፊት አልሄደም። ትርጉሙ ይህ ነው።»

ምንም የማርመው አላገኘሁበትም።

ኢዮብን በመከራው ያልተለየ አምላክ፣ በኀዘን ያሉትን ሁሉ ያጽና፤ እኛንም በበጋ የማንደርቅ ወዳጆች ያድርገን። አሜን።